ያልታየኝ ሽልንግ

ማን ያውራ የነበረ ይባላልና፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን የአውቶቡስ በር እኔው ላውራው። ሥራዬ ረዳትነት ነበር። ሰው ማሳፈር፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ ዕቃ ማሰር፣ «ሒሳብ! ሒሳብ!» እያሉ በወንበሮቹ መካከል መሽሎክሎክ፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ቆርቆሮውን መደብደብ። ዘንድሮ ጉልበቴ መሰላል አልወጣም አለኝና ተውሁት። እሱ ባያምፅም ዘመኑ ራሱ ያስወጣኝ ነበር። በእኔ ቦታ የገባው ጎረምሳ የባለንብረቱን ስልክ ቁጥር ከሹፌሩ ጀርባ ለጥፎ ተቀምጧል። ተሳፋሪው በስልኩ ይልካል፣ እሱ በስልኩ ያያል፣ አለቀ። መልስ የለ፣ ዝርዝር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ አንዲት ሳንቲም ሳትንኳኳ ይደረሳል።

ስሜ ይመር ነው። በመስመሩ ላይ ግን «ይመር፣ እጁ ዓይን ያለው» ነበር የምባለው። በዝርዝር መካከል ተደባልቆ የመጣን የድሮ ሳንቲም ሳላይ በዳሰሳ ስለምለይ ነው። ይህን ስም እንዴት እወደው እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ሰው በዚህ ስም ሲጠራኝ ጆሮዬ ይግላል፤ ጠሪውን ከሩቅ ካየሁት መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። ጡረታ ወጥተሃል፣ ትዝታህን ጻፍ የሚሉኝ ሰዎች የሚጠብቁት የሚያስቅ ወሬ ነው። የሚያስቅም አለው። እኔ ግን እያፈርሁ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርሁት ወረኢሉ መስመር ላይ ነው። ያስለመዱኝ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው ያነሰ ረዳት ነበሩ። ረዳት ሲባል ጯሂ ነው፤ እሳቸው ግን ጮኸው አያውቁም። ገንዘብ ከመሰብሰባቸው በፊት እጃቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ላብ ያለበት እጅ ሳንቲም አያውቅም ይላሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ይጀምራሉ። ሌላው ረዳት ሁሉ ከፊት ነው የሚጀምረው። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ «ድሀ ከኋላ ነው የሚቀመጥ። እስክንደርስበት ድረስ ሲጨነቅ አይቆይ» አሉኝ።

«ሒሳብ» ከማለታቸው በፊት «እንዴት አደርሽ? ከብቱ ደህና? ልጁስ ተሻለው?» ይላሉ። ሳንቲሙን ከሰው እጅ አፍሰው አይወስዱም። መዳፋቸውን ይዘረጉና ሰውየው ራሱ ያኖርላቸዋል። እሱ ሲያኖር እሳቸው ፊቱን ያያሉ። ሳንቲሙን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ፊት፣ ቀጥሎ ሳንቲም» ይሉኝ ነበር። እኔ የጨዋነት ነገር መስሎኝ አለፍሁት። የሙያው ዋና ክፍል እሱ ነበር፤ የጠፋው ነጋሪ ሳይሆን ሰሚ ነው፤ በየቀኑ እየነገሩኝ ነበርና።

ያን ጊዜ ሳንቲም ገና ዋጋ ነበረው። ስሙኒውም ሽልንጉም ከገጠሩ ሰው መቀነት እየተፈታ ወደ ቦርሳችን ይገባል። ከእሱ ጋር ተደባልቀው ደግሞ ገበያ ላይ መሥራት ካቆሙ የቆዩ ሳንቲሞች ይመጣሉ። የንጉሡ ጊዜ መዳብ አለ፣ ዙሪያው እንደ አበባ የተከረከመ ስሙኒ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብር ማዕድን የተሠራው የንጉሡ ጊዜ ሃምሳ ሳንቲም፣ የብሩ ሽልንግ አለ። አስቸጋሪው ይኸኛው ነው። ስፋቱ ከአሁኑ ሃምሳ ሳንቲም ጋር አንድ ነው፤ አንበሳም በሁለቱም ላይ አለ። አውቶቡሱ እየዘለለ፣ ሰው እየተጋፋ፣ ባልለመደ እጅ አይለይም።

ጋሽ እንድሪስ መለያውን አስተማሩኝ። ብር በሁለት ጣት ሲይዙት የጣትን ሙቀት ወዲያው ይጠጣል፤ የአሁኑ ሳንቲም ቀዝቀዝ እንዳለ ይቆያል። የብሩ ጠርዝ በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል፤ የአሁኑ ጣት ይፍቃል። ጥርጥር ካለ በወንበሩ ብረት መታ ማድረግ ነው፤ ብር ድምፁን ያቆየዋል። ይህን ለመልመድ ከሥራ በኋላ ሳንቲሞቹን ኪሴ ውስጥ እየዳበስሁ እሄድ ስለነበር ሰው እከክ የያዘኝ ይመስለው ነበር።

የድሮ ሳንቲም የደረሰበት ረዳት ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ሲመሽ ጠብቆ ለሌላ ተሳፋሪ መልስ አድርጎ ማሻገር ነው። ሌላው አጠራቅሞ ደሴ ላለ ብር ሠሪ መሸጥ ነው። ጋሽ እንድሪስ ሁለቱንም አያደርጉም። ለእሳቸው በዝርዝር መካከል የመጣ የድሮ ሳንቲም ሒሳብ አይደለም። በግራ ደረት ኪሳቸው ለብቻው ያኖሩትና ሰውየው ሳይወርድ ይመልሱለታል። ከወረደም ቤቱ ድረስ ይልኩለታል።

አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት የብር ሽልንግ ሰጧቸው። ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው፣

«እማማ፣ ይቺ ተሳስታ የወጣች ናት። ይመልሷት» አሏቸው።

«ተሳስታ አይደለም ልጄ። ሌላ የለኝም።»

«ሌላ ኖሮዎት ማን ጠየቀዎት? አብሽሩ፣ ይቀመጡ።»

ከመኪናው ስንወርድ ጠየቅኋቸው። «የድሮ ሳንቲም በእግሩ አይመጣም ይመር» አሉኝ። «ወይ የሣጥኑ ታች ተጭሯል፣ ወይ ዓይን ደክሟል፣ ወይ ሰውየው አፉ ያልቻለውን በእጁ እየነገረህ ነው።» የአሮጊቷን ሒሳብ ከራሳቸው ደመወዝ እንደሸፈኑ ያወቅሁት ባለንብረቱ ሲሰድባቸው ሰምቼ ነው። ደመወዙም ስድቡን የሚያህል አልነበረም።

ቀጥሎ አጅባር መስመር ተመደብሁ፤ ስሜ የወጣው እዚያ ነው። በገበያ ቀን በሬ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ከፍሎ ወረደ። ቦርሳዬ ውስጥ ጣቴ አንድ የሞቀ ነገር ነካ። አወጣሁት፤ የብር ሽልንግ ነው። ከመኪናው ዘልዬ በከብት ተራው መካከል ሮጥሁ። አንድ ወይፈን ሊወጋኝ ምንም አልቀረው። ሰውየውን ይዤ ሽልንጉን ስሰጠው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የሞተች ሚስቱ አንገት ላይ የነበረ ነው፣ ከኪሱ ዝርዝር ጋር ተቀላቅሎበት ነው። ጉልበቴን ሊስም ሲወርድ በግድ አነሣሁት። ገበያው ሁሉ አየ። ከዚያ በኋላ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ሰዎች ሊፈትኑኝ ዓይኔን በነጠላ እያሰሩ ሳንቲም እጄ ላይ ያፈሱልኛል፤ የድሮውን ነጥዬ ሳወጣ ያጨበጭባሉ። «አደራ ያለበት ለይመር ይስጥ» ይባል ጀመር። እንደ ሙሽራ ነበር የምኮራ።

ችግሩም ከዚያ ጀመረ። እጄ እንዲህ ካወቀ ዓይኔን ምን አደከመኝ? ሰው ሲከፍል ወደ መስኮት እያየሁ፣ ከሹፌሩ ጋር እየቀለድሁ መሰብሰብ ጀመርሁ። እንደማንኛውም ረዳት ከፊት ወንበር እጀምራለሁ። አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሥራውን ትተው በተሳፋሪነት መጡና ሲያዩኝ ዋሉ። ሲወርዱ ትከሻዬን ይዘው፣ «እጅህስ ማሻላህ ነው። ግን እጅ ሰው አያውቅም» አሉኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ እርጅና ተጫጭኖዎታል መሰለኝ» አልኋቸው፤ ሹፌሩም ሳቀ። እሳቸው ትከሻዬን ለቀው ሄዱ። ከሞቱ ቆይተዋል፤ ይህችን ቃል መልሼ ብውጣት ምንኛ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ የመካነ ሰላም መስመር ደረሰኝ፤ አገሬ ነው። እትዬ ጦይባ እዚያ ጎረቤቴ ናቸው። በርበሬና ጨው ቸርችረው ሰዓዳን፣ አንድያ ልጃቸውን፣ ብቻቸውን አሳድገዋል። ሰዓዳ ከፍ ስትል እንደ እኩዮቿ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። ከሰፈራችን የማይሄድ ልጅ አልነበረም፤ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው ያ ገንዘብ ነው።

አሁን የምናገረውን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ነገሩ እንዲገባ ግን አስቀድሜ ልንገር። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ የብር ሳንቲም በጨርቅ ሰፍቶ አንገቱ ላይ ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ሲያድግ ይፈታና እናቱ ታኖረዋለች። እትዬ ጦይባ ልጃቸው ልትሄድ ስትል ያንን ሽልንግ ከሙዳያቸው አውጥተው በሻሿ ጫፍ ቋጠሩላትና እንዲህ አሏት፦ «መንገድ ላይም ሆነ ደሴ ደርሰሽ ልብሽ እምቢ ካለሽ ይቺን ላኪልኝ። ቃል አያስፈልግም። ሽልንጓን ካየሁ ያለሽበት መጥቼ ይዤሽ እመለሳለሁ። ተደግሶልሽ፣ ተመርቀሽ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትቀሪ።»

ሰዓዳ የተሳፈረችው በእኔ መኪና ነው። ከእሷ ጋር ሌሎች ልጆች ነበሩ፣ ደህና ኮት የለበሰ ደላላም አብሯቸው ነበር፤ አጎታቸው ነኝ ብሎ የሁሉንም ሒሳብ አንድ ላይ ከፈለ። ከመካነ ሰላም ከወጣን በኋላ እሱ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። የሚሄዱት በአውሮፕላን ነው የተባለው ውሸት ነበር፤ መንገዱ በረሃ ለበረሃ ወደ ባሕሩ ነው። ልቧ እዚያው እምቢ አለ። ልትናገር ፈራች፤ ደላላው ክንዱ ክንዷን እየነካ ተቀምጧል። ሻሿን ፈታችና ሽልንጉን ያዘች። እኔ ስደርስ እጇን ዘረጋች።

«ጋሽ ይመር፣ የዕቃዬን ተቀበሉኝ።»

ዕቃዋ ጭኗ ላይ ያስቀመጠቻት ፌስታል ናት። ለፌስታል ማን ያስከፍላል? ደግሞም ሒሳቧ ተከፍሏል። እኔ ግን ላለመክፈል ከኋላ የተደበቀ ሰውዬ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር። እጄን ላክሁ፣ ተቀበለ፣ ቦርሳው ውስጥ ጨመረ።

«የጦይባ ልጅ ነኝ» አለችኝ።

ከተወለደች ጀምሮ የማውቃት ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ትነግረኛለች! ድንጋይ እንኳ ይህን ቢሰማ ቀና ይላል። እኔ ግን፣ «የጦይባ ልጅ ከሆንሽ ታዲያ በርበሬ ነበር ይዘሽልኝ መምጣት!» ብዬ አለፍሁ። መኪናው በሙሉ ሳቀ፣ ደላላውም ሳቀ። ቀልዴን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ፊቷን አላስታውስም፤ አላየሁትም።

አቀስታ ስንደርስ ገበያ ነበር፤ ግማሹ ሰው ተጋፍቶ ወረደ። መልስ፣ መልስ ይሉኛል፤ ከቦርሳዬ እየዘገንሁ አደልሁ። ሽልንጉ ለማን እንደደረሰ አላውቅም። ያ ሁሉ የተጨበጨበለት እጅ ተቀብሎትም ሰጥቶትም አላወቀውም።

በማግስቱ ከደሴ ስመለስ እትዬ ጦይባ መናኸሪያ ቆመው ጠበቁኝ።

«ይመር፣ ከሰዓዳ የመጣ ነገር አለ?»

«የለም እትዬ።»

«ምንም? ደህና አድርገህ አስብ እስቲ።»

«ድንቡሎ አልመጣም!» አልኋቸው እየሳቅሁ።

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ምንም አልመጣም ሲሏት ደስ የሚላት እናት አይቼ አላውቅምና ገረመኝ፤ ግን አልጠየቅሁም። በተከታዮቹ ምሽቶችም እየመጡ ጠየቁኝ፤ እኔም የለም አልሁ። እሳቸውም አመስግነው፣ ልጄ መንገዱ ተስማምቷታል ብለው እፎይ እያሉ ገቡ። ልጅቱ ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ተዘግቶባት፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እናቴ መጣች እያለች እየተነሣች፣ እኔ መናኸሪያ ላይ ለእናቷ የምሥራች እነግር ነበር። ይህን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ሰዓዳ ከዓመታት በኋላ ተመለሰች። ከስታ፣ ቀኝ ጆሮዋ መስማት አቁሞ፤ ዓረብ አገር በሠራተኝነት የገባችበት ቤት ሰዎች መትተዋት ነው። ከደሴ ስትመጣ በእኔ መኪና ተሳፍራ ከኋላ ተቀመጠች። ደስ ብሎኝ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ!» ስላት የብር ኖት ሰጠችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች። ድካም ነው ብዬ ተውኋት። ከዚያ በኋላም መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የዓረብ አገር ኩራት ነው ብዬ አምቻት ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ሥራ በተውሁ ሰሞን ቤቴ ድረስ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች፣

«ጋሽ ይመር፣ ሥራውን ስለተዉት ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ያን ቀን ስንት ሰጠዎት?» አለችኝ።

«ማን?»

«ደላላው።»

ነገሩ ሊገባኝ አልቻለም። ከዚያ የእናቷን ቃል፣ የሻሿን ቋጠሮ፣ የፌስታሏን ሒሳብ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

«ሰዓዳ፣ በማርያም እምልልሻለሁ። አላየሁትም።»

ደህናውን ጆሮዋን አዙራ፣ «ምን አሉኝ?» አለች።

«አላየሁትም።»

«አንቱ?» አለች። «እጁ ዓይን አለው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁ። ለሌላ ሰው ብሰጣት ይበላታል፤ ጋሽ ይመር ግን ማታውኑ ለእናቴ ያደርሳታል ብዬ ነው ለእርስዎ የሰጠሁ።»

ያን ሁሉ ዘመን እጄ አይስትም ብዬ ያስወራሁ እኔ ነኝ። አሁን ከከሃዲ ስም የሚያድነኝ ነገር ቢኖር ወሬው ውሸት መሆኑ ብቻ ነው። ከሹፌሩ ጋር ስቀልድ፣ በመስኮት ሳይ፣ ሰው እንደ ከረጢት እየቆጠርሁ እንደምሰበስብ ነገርኋት። እየተንተባተብሁ ነው የነገርኋት። ሰማችኝና በበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ እኮ አይተው ዝም እንዳሉ ነበር የማውቅ» አለች በቀስታ። «እዚያ ቤት ሆኜ አንቱን ነበር ስረግም የማድር። የሚረግሙት ሰው ሲኖር ትንሽ ያበረታል። አሁን ማንን ልርገም?»

«እኔኑ እርገሚኝ» አልኋት። ከልቤ ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ተነሥቼ ለእናትሽ ልንገራት። ከእኔው አፍ ትስማው።»

ያን ጊዜ ነው ቆጣ ያለችው። «ወላሂ እንዳያደርጉት! ሽልንጓ ሳትመጣ ስትቀር በየማታው አልሐምዱሊላህ ስትል ከርማ፣ ለካ ያን ቀኑን ወጥታ ነበር ቢሏት በሕይወት ትቆያለች? እኔ ሳልልካት ቀረሁ ብያታለሁ። እልህ ይዞኝ ነው፣ ኋላም ጠፋችብኝ ብያታለሁ። እንዲሁ ይለፍ።» ይህን ለመጻፍ ሳስብም አስፈቅጃታለሁ። ስም ለውጡ ስላለችኝ ስሞቹን ሁሉ፣ የራሴንም ጨምሮ፣ የእናቷንም ንግድ ለውጫለሁ።

አቀስታ ሄጄ ሽልንጉን ፈለግሁ። ብር ሠሪዎቹንም፣ ሱቆቹንም፣ በገበያ ቀን የሚመጡ ሽማግሌዎችንም ጠየቅሁ። የትኛው ሽልንግ፣ መቼ፣ ለማን ሰጠኸው ሲሉኝ መልስ የለኝም። አንዱማ «እጅህ ዓይን የለው እንዴ? እሱን ጠይቀው!» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፣ ባዶዬንም ተመለስሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ ጦይባ ለጡረታዬ ብለው ምሳ ጠሩኝ። ሰበብ ፈልጌ ልቀር ነበር፤ ልጃቸውን ልከው አስመጡኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሰዓዳ ማስታጠቢያ ይዛ መጣችና በፊቴ ተንበረከከች። እጄን ዘረጋሁ፤ ውሃውን ታፈስልኝ ጀመር። እትዬ ጦይባ ከተቀመጡበት ሆነው ለእንግዳው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይሄ ሰውዬ እኮ የሰው አደራ አንድ ቀን ጠፍቶበት አያውቅም! የኔዋ እልኸኛ ናት እንጂ ሽልንጓን በዚህ እጅ ብትልክልኝ ኖሮ ማታውኑ ትደርሰኝ ነበር። ሄጄ አመጣት ነበር። ጆሮዋም ጆሮ እንደሆነ ይቀር ነበር።»

ሰዓዳ ቀና አላለችም። ውሃውም አልተቋረጠም።

«አዎ እማ» አለች። «እኔ ነኝ ያልላክሁ።»

እጄ ከማስታጠቢያው በላይ እንደተዘረጋ ነው፤ ውሃው በጣቶቼ መካከል ይወርዳል። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ይሄን እጅህን አላህ ይባርክልህ ይመርዬ» አሉኝ እትዬ ጦይባ።

«አሚን» አልሁ።